ወርቅ ያልሆነው ወንዝ፤ የጆን ራስኪንን የልጆች ተረት እንደገና ስለ ማንበብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ላነሣት የወደድሁት አንዲት ቀጭን የልጆች መጽሐፍ ናት። ደራሲዋ እንግሊዛዊው የሥነ ጥበብ ሐያሲና የኅብረተሰብ ጉዳይ ጸሐፊ ጆን ራስኪን ሲሆን፣ ስሟም «የወርቃማው ወንዝ ንጉሥ» ይባላል። አምስት አጫጭር ምዕራፎች ብቻ ያሏት ስለ ሆነች በአንድ ምሽት ተነባ ታልቃለች። እንዲህ ያለች ትንሽ መጽሐፍ የዐዋቂዎችን ጉባኤ ጊዜ ልትሻማ ይገባታልን? የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚያስገርም አይሆንም።

መልሴ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንዳንዳችን መምህራን፣ አንዳንዳችን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ሌሎቻችንም ደራስያንና ተርጓሚዎች ነን። ሥራችን ቢለያይም ለልጅ የሚበጀውን መጽሐፍ ከማይበጀው የመለየት ኀላፊነት ሁላችንንም ይነካናል። ይህንንም ስናደርግ ዘወትር የምንጠይቀው «መጽሐፉ ምን ያስተምራል?» ብለን ነው። የራስኪን ተረት ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ይመስላል፤ ደጉ ልጅ ይሸለማል፣ ክፉዎቹ ወንድሞቹ ይቀጣሉ ብሎ በአንድ መስመር ማጠቃለል ይቻላልና። እኔ ግን ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ ማጠቃለያ የተረቱን ልብ እንደሚስተው ነው። በተረቱ መጨረሻ ደጉ ልጅ አንዲት ቅንጣት ወርቅ ከወንዙ አያገኝም። ራስኪን ይህን ያደረገው ዐውቆ ነው፤ ምክንያቱንም ለመረዳት የኋላ ዘመን ሥራዎቹን ጭምር መመልከት ያስፈልጋል።

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተረቱ አመጣጥ

ራስኪን በ1819 ለንደን ውስጥ ተወልዶ በ1900 የሞተ ሰው ነው። አባቱ በወይን ጠጅ ንግድ የበለጸገ ነጋዴ ነበር። ራስኪን ተረቱን የጻፈው በ1841 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱንም በሕመም ምክንያት አቋርጦ ነበር። የጻፈውም ለኅትመት ብሎ ሳይሆን ኤፊ ግሬይ የምትባል የቤተ ሰብ ወዳጅ ልጅ፣ ዕድሜዋ ገና ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሳለ፣ ተረት ጻፍልኝ ብላ ስለ ጠየቀችው ነው። ስለ ሁለቱ ሰዎች የኋላ ጋብቻና መለያየት ብዙ ተጽፏል፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን እርሱ አይደለም። የእጅ ጽሑፉ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ከተቀመጠ በኋላ በ1850 መጨረሻ፣ የ1851 ዓመተ ምሕረት ተጽፎበት፣ በለንደን ለአንባቢ ቀረበ። ሥዕሎቹን የሣለው ሪቻርድ ዶይል ነበር።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለልጆች የሚጻፈው መጽሐፍ በአመዛኙ ተግሣጽ የሞላበት ነበር። በ1823 ግን የጀርመናውያኑ የግሪም ወንድማማቾች ተረቶች በኤድጋር ቴይለር ተተርጉመው፣ በጆርጅ ክሩክሻንክ ሥዕሎች አጊጠው ወጡ። ራስኪን በልጅነቱ ይህን መጽሐፍ እየወደደ ያነበበ፣ ሥዕሎቹንም በእጁ እየገለበጠ የሣለ ነው። በሸመገለ ጊዜ የራሱን ተረት ሲመዝን፣ ከግሪምና ከዲክንስ የተቀዳ፣ የአልፕስ ተራሮች ፍቅር ብቻ የራሱ የሆነ ድርሰት መሆኑን በትሕትና ገልጿል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አለበት ባይ ነኝ።

የታሪኩ አካሄድ

መጽሐፏን ላላነበባችሁ ታሪኩን በአጭሩ ላውሳ። ስቲሪያ በሚባለው፣ ዛሬ በአብዛኛው በኦስትሪያ ውስጥ በሚገኘው ተራራማ አገር፣ «የሀብት ሸለቆ» የተባለ እጅግ ለም ስፍራ ነበር። በአቅራቢያው ካሉት ተራሮች ከአንዱ የሚወርድ ፏፏቴ ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻ ብርሃኗ ስለሚያርፍበት እንደ ወርቅ ያበራል፤ የአገሩም ሰው ወርቃማው ወንዝ ይለዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ተራሮች ከሚፈልቁት ወንዞች አንዱም ወደ ሸለቆው አይወርድም፤ ሁሉም ወደ ማዶ ይፈስሳሉ። ሸለቆውን የሚያጠግበው የዝናብ ውኃ ነው።

የሸለቆው ባለቤቶች ሦስት ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱ ታላላቆች፣ ሽዋርትዝና ሃንስ፣ ንፉጎችና ጨካኞች ናቸው። ሠራተኞቻቸውን ያለ ደመወዝ ካሠሩ በኋላ፣ ሠራተኞቹ ሲመርራቸው ተጣልተው ያባርሯቸዋል። እህላቸውንም ዋጋው እጅግ እስኪወደድ ድረስ በጎተራ ይዘው በእጥፍ ይሸጣሉ። ታናሹ ግሉክ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሆን፣ የቤቱን ሥራ እየሠራ ከምግብ ይልቅ ዱላ የሚጠግብ ልጅ ነው።

አንድ ዓመት በአገሩ ሁሉ አዝመራው ሲበላሽ የእነርሱ ብቻ ይሰምራል። ሰው ሁሉ እህል ሊገዛ ይመጣል፤ ወንድማማቾቹም የፈለጉትን ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ያገኛሉም። መግዣ የሌላቸው ድኾች ግን ከደጃቸው ወድቀው ይሞታሉ። ብርዱ በበረታበት በአንድ ቀን፣ ግሉክ ለወንድሞቹ ሥጋ እየጠበሰ ሳለ፣ ዝናብ ያበሰበሰው እንግዳ ሰው በሩን ያንኳኳል። ግሉክ እየፈራ ያስገባዋል፤ ለራሱ የተፈቀደችለትንም ቁራጭ ሥጋ ሊቆርጥለት ይነሣል። ወንድሞቹ ተመልሰው እንግዳውን ሊያባርሩት ሲታገሉ፣ በዚያው ሌሊት እንደሚመለስ ነግሯቸው ይሄዳል። እንግዳው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ኖሯል። ራስኪን ለነፋሱ የጨዋ ሰው ማዕርግ ስለ ሰጠው «አቶ ደቡብ ምዕራብ ነፋስ» ብንለው ቀልዱ በእኛም ቋንቋ አይጠፋም። እንደ ቃሉ በማዕበል ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያም ዝናብ ይዞ ወደ ሸለቆው አይመጣም። ለሙ ምድር ቀይ አሸዋ ሆኖ ይቀራል።

ወንድማማቾቹ ወደ ከተማ ተሰደው ወርቅ ሠሪዎች ይሆናሉ። ወርቁን ከመዳብ ጋር እየቀላቀሉ ይሸጣሉ፤ ያገኙትንም ይጠጡበታል። በመጨረሻ የግሉክን አንድያ የወርቅ ዋንጫ ሊያቀልጡ እሳት ውስጥ ሲከቱት፣ ከማቅለጫው ድንክዬ ሰው ይወጣል። የወርቃማው ወንዝ ንጉሥ እርሱ ነው። ወደ ወንዙ ምንጭ ወጥቶ ሦስት ጠብታ የተባረከ ውኃ ለሚጥል ሰው ወንዙ ወርቅ እንደሚሆንለት፣ ያልተባረከ ውኃ የሚጥል ግን ጥቁር ድንጋይ እንደሚሆን ለግሉክ ነግሮት ይሰወራል።

ሃንስ የተባረከውን ውኃ፣ እኛ ጠበል የምንለውን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰርቆ ይወጣል። በተራራው መንገድ ላይ በውኃ ጥም የሚያጣጥሩ ቡችላ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ያገኛል፤ ሦስቱንም አልፏቸው ይሄዳል። ሽዋርትዝ ውኃውን ከአንድ ክፉ ቄስ በገንዘብ ይገዛል፤ እርሱም ሕፃኑን፣ ሽማግሌውን፣ በመጨረሻም በገዛ ወንድሙ በሃንስ መልክ ወድቆ የታየውን ይክዳል። ሁለቱም ድንጋይ ይሆናሉ። ግሉክ ግን ጠይቆ በነጻ በተሰጠው ውኃ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ያጠጣል። ጥቂት ጠብታ ብቻ በቀረው ጊዜ፣ ወርቃማው ወንዝ ዐይኑ ሥር ሆኖ እየታየው፣ አንድ ውሻ ሲሞት ያያል። ንጉሡንም ወርቁንም ረግሞ የመጨረሻዋን ጠብታ በውሻው አፍ ያፈስሳል።

ውሻው ንጉሡ ራሱ ነበር። ለደከመ የተከለከለ ውኃ በቅዱሳን ሁሉ ቢባረክ እንኳ ርኩስ መሆኑን፣ በምሕረት ዕቃ የተገኘ ውኃ ግን ቅዱስ መሆኑን ያስረዳዋል፤ ከእግሩ ሥር ከበቀለች የሱፍ አበባ ሦስት የጤዛ ጠብታ ይሰጠዋል። ግሉክም ወደ ወንዙ ይጥለዋል።

ውኃው የሚቀደሰው የት ነው?

በዚህ ታሪክ ውስጥ ውኃው የተገኘበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነው፤ በስርቆት፣ በግዥና በስጦታ። አንባቢ የሚጠብቀው ስርቆቱና ጉቦው ውኃውን እንዳረከሰው እንዲነገረው ነው። ንጉሡ ግን በፍርዱ ላይ ስርቆቱን አያነሣም፤ ጉቦውንም አያነሣም። የሚጠይቀው ውኃው በመንገድ ላይ ለማን እንደ ደረሰ፣ ከማንስ እንደ ተከለከለ ብቻ ነው። የአንድ ነገር ቅድስና የሚመዘነው ከምንጩ ይልቅ በሚውልበት ሥራ ነው ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ላደገ አንባቢ ይህ ቀላል አባባል አይደለም።

ለእኛ አገር አንባቢማ አንድ ተጨማሪ ክብደት አለው። «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባች ውሻ» የሚለው አነጋገራችን በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ውሻ ከቅጥሩ እንዳይገባ የሚከለከል እንስሳ ነው። ጠበል ለውሻ ማጠጣት ደግሞ የሚያስደነግጥ ድፍረት ነው። በእንግሊዛዊው ልጅ ጆሮ እንደ ርኅራኄ ብቻ የሚሰማው ድርጊት በእኛ ልጅ ጆሮ እንደ ርኅራኄም እንደ ኀጢአትም ሊሰማ ይችላል። ተርጓሚ ይህን አይቶ ውሻውን በበግ ግልገል ሊለውጠው ይፈተን ይሆናል። እንዳይለውጠው እለምናለሁ። ግሉክ የሰጠው ነገር ዋጋ ያለው፣ ለማይገባው ፍጡር ስለ ሰጠው ነውና።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ግሉክ ውሻው ንጉሥ መሆኑን አያውቅም። ዐውቆ ቢያደርገው ኖሮ ድርጊቱ ንግድ በሆነ ነበር፤ ጥቂት ጠብታ ሰጥቶ የወርቅ ወንዝ መግዛት ማለት ነውና። ራስኪን ልጁ ወርቁን በግልጽ እንዲተወው፣ እንዲያውም እንዲረግመው ያደረገው ይህን በር ለመዝጋት ይመስለኛል።

ሀብት ማለት ምን ማለት ነው?

አሁን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው ወደምናልፈው ክፍል እንመጣለን። ግሉክ የጤዛውን ጠብታ ከጣለ በኋላ ወንዙ ወርቅ አይሆንም። ውኃው በትንሽ አዙሪት ወደ መሬት ውስጥ ሲሰርግ ብቻ ያያል። ልጁ ያዝናል፤ የተታለለ ይመስለዋል። ወደ ሸለቆው ሲወርድ ግን ከአለቱ ሥር አዲስ ወንዝ ፈልቆ በደረቁ ቀይ አሸዋ ላይ ሲፈስስ ያገኘዋል። በዳርና ዳሩ ሣር ይበቅላል፤ አበባ ይወጣል፤ የወይኑ ሐረግ ይንሰራፋል። ድሮ ወደ ማዶ ይፈስስ የነበረው ውኃ አሁን መንገዱን ለውጦ ወደ ሸለቆው ገብቷል። ወንዙ ለግሉክ ወርቅ የሆነለት በዚህ መልኩ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ወንድሞች የፈለጉት ወርቅና ግሉክ ያገኘው ወርቅ አንድ አይደሉም። ወንዝ በሙሉ ብረት ቢሆን ማንም ሊጠጣው፣ ምንም ሊበቅልበት አይችልም። የወንድማማቾቹ ምኞት ቢፈጸምላቸው ኖሮ ከሁለተኛ ጥፋት የተለየ አይሆንም ነበር። ራስኪን ይህን በስብከት አልተናገረውም፤ የታሪኩ አካሄድ ራሱ እንዲናገረው ትቶታል።

ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ ራስኪን «ኮርንሂል» በተባለው የለንደን ወርኃዊ መጽሔት ላይ ስለ ኢኮኖሚ ትምህርት ተከታታይ ድርሰቶችን አወጣ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ልብ ወለድ ደራሲው ታከሬ ነበር። ድርሰቶቹ የሀብትን ትርጉም የሚመረምሩ ነበሩ፤ አንድ ነገር ሀብት የሚባለው ሕይወትን ሲረዳ ነው፣ ሕይወትን የሚያጠፋ ከሆነ ግን በገበያ የቱንም ያህል ቢያወጣ ሀብት ሊባል አይገባውም የሚል ሐሳብ አላቸው። አንባቢው ተቆጣ፤ ከአራተኛው ድርሰት በኋላም እንዲቆም ተደረገ። በ1862 በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። ማኅተማ ጋንዲ በ1904 ከጆሃንስበርግ ወደ ደርባን በባቡር ሲጓዝ ይህን መጽሐፍ አንብቦ ኑሮውን እስከ መለወጥ ደርሷል፤ በ1908ም በራሱ ቋንቋ በጉጅራቲ አሳጥሮ ጽፎታል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን የኢኮኖሚ መጽሐፍ ነው። ፍሬ ሐሳቡ ግን አንዲትን ልጅ ለማስደሰት በተጻፈው ተረት ውስጥ ቀድሞ ተዘርቶ ነበር።

በእኛ ቋንቋ ይህን ሐሳብ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። «ሀብት» የሚለው ቃል ከግእዙ «ወሀበ»፣ ማለትም «ሰጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ ስጦታ ማለት ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚሉት ስሞቻችንም ይህንኑ ያስረዳሉ። በዕለት አነጋገራችን ግን ሀብት ማለት የያዙት፣ የቈለፉበት ነገር ሆኗል። የሸለቆውን ስም «የሀብት ሸለቆ» ብዬ የተረጐምሁት ሁለቱም ትርጉሞች አብረው እንዲሰሙ ብዬ ነው። ተረቱ የሚጀምረው በሁለተኛው ትርጉም ነው፤ የሚያልቀው በመጀመሪያው ነው።

ራስኪን ስለ ውኃ የነበረው ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1866 ባሳተመው አንድ የንግግሮች መጽሐፍ መቅድም ላይ፣ ከለንደን በስተ ደቡብ ካርሻልተን በሚባለው ስፍራ ጥርት ብለው ይፈልቁ የነበሩት ምንጮች የመንደሩ ሰው በሚጥልባቸው ጥራጊ መቈሸሻቸውን በምሬት ገልጿል። በ1870ዎቹ ደግሞ ለእናቱ መታሰቢያ እንዲሆን ከእነዚያ ምንጮች አንዱን በራሱ ገንዘብ ለማስጠረግ ሞክሯል። ከአባቱ የወረሰውንም ከፍተኛ ሀብት በሕይወት ዘመኑ አብዛኛውን ሰጥቶ ጨርሶታል።

ያልተከፈለው ደመወዝ

እስከ አሁን የተረቱን ጥንካሬ ነው የተናገርሁት። ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም።

ተረቱ ሲጀምር ከተዘረዘሩት የወንድማማቾቹ ጥፋቶች አንዱ የሠራተኛ ደመወዝ መከልከል ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ግን ስለ ሠራተኞች የሚነገር ነገር የለም። ግሉክ በለመለመው ሸለቆ ይኖራል፣ ድኾችም ከደጁ አይባረሩም፣ ተብሎ ይደመደማል። መልካም ነው። ይሁን እንጂ በፊት ሠርተው ያልተከፈላቸው ሰዎች የት ደረሱ? አሁንስ መሬቱን የሚያርሱት እነማን ናቸው? ምን ይከፈላቸዋል? ድኻን ከደጅ አለማባረር ምጽዋት ነው፤ የሠራን ሰው ደመወዝ መክፈል ዕዳ ነው። ተረቱ በዕዳ ጀምሮ በምጽዋት ያልቃል።

የሚያስደንቀው፣ የ1860ዎቹ ድርሰቶች የሚጀምሩት ተረቱ ካቆመበት ከዚሁ ጥያቄ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ድርሰት ስለ አሠሪና ሠራተኛ፣ ስለ ደመወዝም ነው። የመጽሐፉ ርእስም የተወሰደው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ካለው ምሳሌ ሲሆን፣ ይኸውም በመጨረሻዋ ሰዓት ለመጡት የወይን ቦታ ሠራተኞች ባለቤቱ እንደ መጀመሪያዎቹ እኩል የከፈለበት ታሪክ ነው። ራስኪን በወጣትነቱ ረስቶት ያለፈውን ዕዳ በጐልማሳነቱ ለመክፈል የተመለሰ ይመስላል።

ስለ ረኃቡም አንድ ቃል ልጨምር። በተረቱ ውስጥ ድኾች የሚሞቱት እህል ከሞላው ጎተራ ደጅ ላይ ነው። ይህ የተረት ማጋነን ይመስል ይሆናል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ስለ ድኽነትና ስለ ረኃብ በተጻፈ መጽሐፉ አንዱን ምዕራፍ ለአገራችን ሰጥቷል። በ1966 ዓ.ም. ግድም በወሎ የደረሰውን እልቂት ሲመረምር፣ በአገሪቱ በጠቅላላ የነበረው የእህል ምርት ከወትሮው እጅግ የቀነሰ እንዳልነበረ፣ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ የረኃቡን ያህል እንዳልናረ፣ የወሎ ሰው ግን አዝመራው ከጠፋበት በኋላ መግዣ ዐቅም እንዳልነበረው ጽፏል። ሌሎች ሊቃውንት በትንታኔው ላይ ተከራክረውበታል። የሆነ ሆኖ እህል በአንድ አገር እያለ ሰው በረኃብ ሊሞት እንደሚችል ለእኛ በተረት ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን ተረት ለኢትዮጵያዊ ልጅ የሚያነብ መምህር ከዚህ ገጽ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ አይቀርም።

ስለ መልክና ስለ ጠባይ

ሁለተኛው ጉድለት በስሞቹ ላይ ነው። ሽዋርትዝ በጀርመንኛ ጥቁር ማለት ነው፤ ግሉክ ደግሞ ዕድል ወይም ደስታ ማለት ነው። ጎረቤት ሁለቱን ታላላቆች የሚጠራቸው «ጥቁሮቹ ወንድማማቾች» እያለ ሲሆን፣ ይህም ስም ከመጽሐፉ ርእስ ጋር በተቀጽላነት ተጽፏል። ታላላቆቹ መልከ ጥፉዎች ናቸው፤ ታናሹ ነጭ፣ ዐይኑ ሰማያዊ፣ ለፍጡር ሁሉ ርኅሩኅ ነው። በሦስት መስመር ውስጥ ቀለም፣ መልክና ጠባይ አንድ ላይ ተቋጥረዋል።

ራስኪን በዚህ ቦታ ስለ ዘር እያሰበ ነበር ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ ወንድማማቾቹ ሁሉም የአንድ እናት አውሮፓውያን ናቸው። ዳሩ ግን ልጅ የሚያነበው የደራሲውን ሐሳብ ሳይሆን የተጻፈውን ቃል ነው። የእኛ ልጅ ቃሉን ሲያነብ ጥቁርነትን ከክፋት፣ ነጭነትን ከደግነት ጋር አጣምሮ ይቀበላል። መድኀኒቱ መጽሐፉን መደበቅ አይመስለኝም። ተርጓሚው የጀርመንኛውን ስም እንዳለ ትቶ «ጥቁሮቹ» የሚለውን «ልበ ጥቁሮቹ» ቢለው ከታሪኩ አሳብ አይርቅም፤ በመጨረሻ የሚሆኑት ድንጋይ ጥቁር መሆኑም በቂ ነው። መምህሩ ደግሞ ለከፍ ያሉ ልጆች ነገሩን ገልጦ ሊጠይቃቸው ይችላል፤ «ሃንስ ቈንጆ ቢሆን ኖሮ ውኃውን ያካፍል ነበርን?» ብሎ። ልጆች እንዲህ ያለውን ጥያቄ ይወዱታል፤ መልሱንም ከእኛ በተሻለ ያውቁታል።

ለእኛ ሥራ ምን ይጠቅማል?

በ1853 ክሩክሻንክ፣ ያ የግሪም ተረቶች ሠዓሊ፣ የቆዩ ተረቶችን መጠጥን የሚያወግዝ ስብከት አስገብቶባቸው እንደገና ማሳተም ጀመረ። ዲክንስ በዚያው ዓመት በመጽሔቱ ላይ አጥብቆ ተቃወመው። ራስኪንም በ1868 የግሪም ትርጉም እንደገና ሲታተም በጻፈለት መግቢያ ላይ፣ የጥንት ተረቶች ሆን ተብሎ በተጨመረ ምክር መታረም እንደማያስፈልጋቸው፣ በደኅና ቤት ያደገ ልጅም ደግነትን ከተረት ስብከት የሚማር እንዳልሆነ ተከራከረ።

የራሱ ተረት ከዚህ ሕግ ጋር ይስማማልን? ሙሉ በሙሉ አይስማማም። ንጉሡ ስለ ውኃው ቅድስና የሚናገረው ቃል ስብከት ነው። ሆኖም ስብከቱ የታሪኩ መጨረሻ እንዳይሆን ራስኪን ተጠንቅቋል። ከስብከቱ በኋላ ልጁ ያዝናል፤ የተባለው ወርቅ አልመጣምና። አንባቢው ልጅም አብሮ ያዝናል፤ መልሱንም አብሮ ወርዶ በሸለቆው ያገኘዋል።

በእኛ አገር ሁለት ዓይነት ልማድ አለ። ተረት ነጋሪ አያቶቻችን ታሪኩን ከጨረሱ በኋላ ተረታቸው እንዲመለስላቸው፣ አፋቸውም በዳቦ እንዲታበስ ይጠይቃሉ እንጂ ልጁን አይፈትኑትም። በሌላ በኩል የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ምክሩን ገልጦ የሚናገር ሥራ ሲሆን፣ ትውልድ በቃሉ ያጠናው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ሙያ አላቸው። ምሳሌ ምክር ለመስጠት የተሠራ ዕቃ ስለ ሆነ ምክሩ ቢነገርበት አይጎዳም። ተረት ግን ልጅ ገብቶ የሚኖርበት ቤት ነው፤ ገና ከመግባቱ «ምን ተማርህ?» ብለን ብንጎትተው በሩን እየዘጋንበት ነው። ይህን የምለው በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከየታሪኩ በኋላ የሚደረደሩትን ጥያቄዎች ለመንቀፍ አይደለም፤ ጊዜያቸውን ለመለየት ነው። ጥያቄው ካስፈለገም ከታሪኩ ውስጥ ይምጣ። ግሉክ ወንዙ ወርቅ ሳይሆን ሲቀር ምን አሰበ? ዋንጫውን ቢያጣ ይሻለው ነበርን? ሃንስ ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ ቢሰጥ ኖሮስ?

ከዚህ ሁሉ በላይ አደራ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ ተረት ለታናናሽ ክፍሎች ሲያጥር፣ ሲታረም፣ በሥዕል ሲዘጋጅ፣ ግሉክ ያዘነባትን ያቺን አጭር ጊዜ አትቍረጧት። እርሷ ከወጣች የሚቀረው «ደግ ብትሆን ትበለጽጋለህ» የሚል ምክር ነው፤ ይህ ምክር ደግሞ እውነት አይደለም። እናቱ ከጎረቤት ጋር እንጀራ ስትካፈል ያየ፣ ነገር ግን ቤቱ ሲበለጽግ ያላየ ልጅ ውሸቱን ወዲያው ይለየዋል። አንድ ጊዜ የዋሸውን መጽሐፍ ደግሞ ሁለተኛ አያምነውም። ያቺ ጊዜ ባለችበት ከቀረች ግን ልጁ ሌላ ነገር ያገኛል፤ ደግነት የሚጠብቀውን ዋጋ ላያመጣለት እንደሚችል፣ ውኃው ግን ከመሬት በታች መንገዱን ይዞ ሊሆን እንደሚችል።